የላዳዋ ድንጋይ

እኅቶቼ፣ በማኅበራችን ቀን ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ቆማችሁ «መንገዷን አቅናላት» ብላችሁ የጸለያችሁልኝ እናንተ ናችሁና፣ ምን አይቼ እንደተመለስኩ ማወቅ ይገባችኋል። ባለፈው እሑድ በቃል ልነግራችሁ ጀምሬ ልሳኔ ተያዘብኝ። ስለዚህ ጻፍኩት። አብዛኞቻችሁ ከባሮ ወንዝ ብዙም አልራቃችሁም፣ ፒያሳንም በስም እንጂ በእግር አታውቋትም። ቢረዝምባችሁ ታገሡኝ።

የሄድኩበትን ጉዳይ ያልሰማ ካለ ይኸው። ታናሽ ወንድሜ ታደለ ፒያሳ ውስጥ ይነዳው የነበረ መኪና የአንዲት ሴት እግር ወስዷል። ሴትየዋ ዘይነባ ትባላለች። ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ከባሏ ከከድር ጋር ትንሽ ሱቅ አላቸው። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ተይዟል፤ እሱ የመንግሥት ነው። ዕርቁ ግን የሰው ነው። ሽማግሎቹ ሲጀምሩት «ከወገኑ አንድ ታላቅ ይምጣ፤ ሰው ያለ ወገን ለዕርቅ አይቀመጥም» አሉ። እናት አባታችን ዐርፈዋል። ከታላላቆቹ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ሰኞ

ከጋምቤላ የወጣነው ጎሕ ሲቀድ ነው። ሾፌሩ ለናፍጣ ተሰልፎ አድሮ ኖሮ ዓይኑ ደም መስሏል። ባዛጋ ቁጥር አንድ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። የጎሬን ዳገት ስንያያዘው ጉም ዋጠን፤ ሙቀት የለመደ ገላዬ ያኔ ነው መንቀጥቀጥ የጀመረው።

መቱ ስንቆም ለዘይነባ የሚሆን ማር ገዛሁ። የታመመ ሰው ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድም። የሸጠችልኝ ሴት የዕቃውን ክዳን በላስቲክ ጠቅልላ «እንኳን አዲስ አበባ ኢየሩሳሌም ይደርሳል» አለችኝ። በደሌ እንኳ አልደረሰም። አጠገቤ የተቀመጠው ነጋዴ ሱሪው ከጉልበቱ እስከ ካልሲው ማር ሆኖ ሳይ የምገባበት ጠፋኝ። ሰውየው በጣቱ ጠረግ አድርጎ ቀመሰው።

«ጥሩ ማር ነው» አለ። «ከእንግዲህ ንብ ካሳደደኝ ግን የምከሰው እርስዎን ነው፣ እናቴ።»

የሚጠጣውን ውኃ አፍስሶ እጄን አስታጠበኝ፤ የተረፈውንም ማር በራሱ ጀሪካን ገልብጦ ሰጠኝ። እግዚአብሔር ይስጠው። በዚያ ጉዞ ከልቤ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

ማታ ጅማ አደርን። የአልጋ ቤቱ ባለቤት የፍልሰታን ጾም መያዜን ስታውቅ፣ ሥጋ ያልነካው ድስት ከጎረቤት ለምና ሽሮ ሠራችልኝ። የአልጋው ቁንጫ ግን ጾም የሚባል ነገር አያውቅም።

ማክሰኞ

ግቤ በረሃ ስንወርድ መስኮቱን ከፍቼ ሙቀቱን ጠጣሁት፤ የእኛን አየር ይመስላል። ከዚያ በኋላ ብርድና ዝናብ ብቻ ነው።

አውቶቡስ ተራ ታደለ እየጠበቀኝ ነበር። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል አንገቱ እንደ ሽማግሌ አንገት ሆኖ አየሁት። አብሮት ሰሎሞን የሚባል ጓደኛው አለ፤ ሁለቱም ፒያሳ ላይ ላዳ ታክሲ ሲነዱ ነው ያረጁት። ሰሎሞን አንዲት ነጭ መኪና ከፍቶ ዕቃዬን አስገባ።

«ይግቡ ማዘር። ዛሬ ዕቁቧ ለእኔ ወጥታለች።»

«የምን ዕቁብ?»

«መኪናዋ ነቻ። የፈረንጅ ስም ነበራት፤ አራዳ ዕቁብ አላት። ባለቤቷ ድርጅት ነው፣ እኛ ተራ በተራ ነን። በስልክ ትከፈታለች፣ እነዳለሁ፣ ስጨርስ አቁሜያት እሄዳለሁ፤ ከዚያ ለሌላው ትወጣለች። በመብራት ነው የምትሄደው። ተሳፋሪውም በስልክ ተጠራርቶ ይጋራታል።» ከንፈሩን አጣመመ። «ድሮ በታክሲ ብቻውን የሄደ ሰው ያለ ይመስል፣ መጋራትን አሁን አስተማሩን።»

ገብቼ ተቀመጥኩ። ታደለ በሩን ዘጋልኝና «እኔ በእግሬ እደርሳለሁ፣ እታለም» አለ።

«በዚህ ዝናብ?»

«ቅርብ ነው።»

ቅርብ እንዳልሆነ እሱም እኔም እናውቃለን። ሰሎሞን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከዚያ ቀን ወዲህ መኪና ውስጥ አይገባም» አለኝ። እኔም መኪናዋ እስክትነሣ ጸሎቴን ልጀምር ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። «መቼ ነው የምታስነሣት?» ብዬ ብገልጥ መርካቶን ወጥተናል።

እውነቱን ልናገር፣ መኪናዋን ወደድኳት። አትንጥም፣ አታጨስም። በልጅነቴ ዳገቱን የሚወጣ መኪና ሁሉ ጥቁር ጭስ ፊታችን ላይ ተፍቶ ያልፍ ነበር፤ ቅዳሴ ሄደን ስንመለስ ነጠላችንን ማጠብ ነበረብን። አሁን አየሩ ዝናብ ዝናብ ብቻ ይሸታል። ለዚህ እግዚአብሔርን ማመስገን ይገባል፤ አመሰገንኩም። ሆኖም እኛ ዘንድ ባጃጅ ሳይታይ በፊት ይሰማል፤ ሕፃን እንኳ ጀርባውን ሰጥቶ እየተጫወተ መንገድ ይለቃል። ይቺ ግን ድምፅ ስለሌላት ሰሎሞን በየጥቂቱ ጥሩምባ ይነፋል። ፒያሳ እስክንደርስ ሲነፋ ሄደ።

ረቡዕ

ማደሪያዬ ሠራተኛ ሰፈር፣ የታደለ አንድ ክፍል ቤት ነው። አልጋውን ለእኔ ለቆ መሬት ተኛ። እኛ የተወለድንበት ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል፤ መንገዱ ሰፍቶ የብስክሌት መሄጃ ወጥቶለታል፣ ሣርና መብራት ተተክሎበታል። ያምራል። ቤታችን የቱ ጋ እንደነበረ ለማወቅ ከጊዮርጊስ ደወል ተነሥቼ በግምት ፈለግሁ፤ አላገኘሁትም። በጊዮርጊስ ተሳልሜ ተመለስኩ።

ታደለ ግቢው ጥግ ላይ በሸራ የተሸፈነች ላዳውን ገለጠልኝ። ሰማያዊና ነጭ ቀለሟ ደብዝዟል፣ ጎማዎቿ ተኝተዋል። መለዋወጫ ጠፋ፣ ነዳጁ አልቀመስ አለ፣ ተሳፋሪውም ወደ አዲሶቹ ሄደ፤ ስለዚህ አቆማት። የኋላውን ኮፈን ሲከፍት ድንጋይ አየሁ። እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ሆኖ፣ አንድ ጎኑ በጎማ ተፍቆ የጠቆረ።

ስለዚህ ድንጋይ አጫውቻችሁ ታስታውሱ እንደሆነ፣ ሲያስቀን የኖረ ድንጋይ ነው። የላዳዋ የእጅ ፍሬን ይዞ አያውቅም። ዳገት ላይ ሲቆም ዘሎ ወርዶ ይህንን ድንጋይ ጎማው ሥር ያስደግፋል። ላዳ እንደ ሚኒባስ ረዳት የላትም፤ ታደለ ግን ድንጋዩን «ረዳቴ» ይለው ነበር። ተሳፋሪ «ረዳትህስ?» ሲለው «ኮፈን ውስጥ ተኝቷል» ይል ነበር።

ላዳዋን ተደግፎ የነገረኝን እንዳለ ልጻፈው።

«ዕቁቧን ሊያስነዱን ሥልጠና ሰጡን። አሠልጣኙ 'ድንጋይ የሚባል ነገር መኪናችን ውስጥ እንዳላይ፤ ይቺ ራሷን ትይዛለች' አለ። ልክ ነው፣ ትይዛለች። መቆሚያ ቁልፍ አላት፤ እሱን ስትጫኝ ነው። ያን ዕለት አንዲት ባልቴት ዕቃ በዝቶባቸው ቁልቁለቱ ላይ አቆምኩ። ፍሬን ያዝኩ፣ ዝም አለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው ዝም ያለ መኪና የጠፋ መኪና መሆኑን ነው። ላዳዬ ብትሆን እየተንቀጠቀጠች 'አለሁ' ትለኝ ነበር። ፍሬኑን ስለቅ ያዘች፤ ለካ ለጥቂት ጊዜ ነው የምትይዘው። ወረድኩ። ዕቃቸውን ከኋላ አወረድኩላቸው። ከዚያ እጄ ድንጋዩን ፈለገ፣ እታለም። ልማድ ነዋ። ኮፈኑ ባዶ ነው። 'ለካ ይቺ አትፈልግም' ብዬ ዘጋሁት። ስዘጋው ከእጄ ሄደች።»

ዘይነባ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ የሱቋን ደጃፍ ታጥብ ነበር። ምንም አልሰማችም። ታደለ ጮኸ፤ በዚያ ሰፈር ግን የሚጮህ ሰው ብዙ ነው። እግሯን ከጉልበቷ በላይ ቆረጡት።

«መኪናዋ ጥፋት የለባትም» አለኝ። «ሰው አዝኖልኝ 'መኪናዋ ናት' ሲለኝ ደስ አይለኝም። ቁልፏን ያልተጫንኩት እኔ ነኝ።»

ይህን ሲል ወንድሜን ከዚያ በፊት ካከበርኩት ይልቅ አከበርኩት፤ ፈራሁለትም። ልቡ እንዲህ የሆነ ሰው ይቅርታ ካላገኘ ረጅም ዕድሜ አይኖርም።

ሐሙስ

ማሬን ይዤ ብቻዬን ወረድኩ። ከድር ከሱቁ ባንኮኒ ኋላ ቆሞ ስኳር ይመዝን ነበር። ማን መሆኔን ስነግረው ሚዛኑን አስቀምጦ ወጣና እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

«ከጋምቤላ ድረስ? ይግቡ እትዬ፣ ይግቡ። ቅዳሴ ወጥቷል አይደል? አሁን መቅመስ ይችላሉ።»

ወንበር አወጣ። ወዲያው ሽሮና ጎመን በትሪ ቀረበልኝ። «የጾም ነው፣ አይጠራጠሩ። ሽማግሎቹ ሰሞኑን እርስዎ ይመጣሉ ሲሉኝ ለእትዬ አስካለች ነግሬያቸው ነበር፤ ጎረቤታችን ናቸው፣ ክርስቲያን ናቸው። በእርሳቸው ድስት፣ በእርሳቸው እጅ የተሠራ ነው።»

እኅቶቼ፣ ያን ጊዜ የምይዘው የምለቀው ጠፋኝ። ከዕርቅ በፊት በዳይና ተበዳይ ከአንድ ማዕድ እንደማይቆርሱ ታውቃላችሁ። ይህ ሰው ግን በልቡ ታርቆ ጨርሷል፤ እምቢ ማለት ክብሩን መንካት ነው። አማተብኩና አንድ ጉርሻ ጠቀለልኩ። ገና ወደ አፌ ሳላደርሰው ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ መጣ።

«ከድር።»

«አቤት።»

«የተቆረጠው ያንተ እግር ነው እንዴ?»

ከድር ወደ መጋረጃው ዞረ። እኔም እንጀራውን ትሪው ላይ መለስኩ።

«እንግዳ ናቸው፣ ዘይነባ» አለ ቀስ ብሎ።

«እንግዳነታቸውንማ አከብራለሁ። ውኃ ስጣቸው። ዝናቡ እስኪያባራም ይቀመጡ። ግን እኔ ሳልታረቅ በስሜ ማዕድ አይቁረሱ።»

ትክክል ናት። ከኪዳነ ምሕረት ምሕረት የምለምን ሴት፣ የሰው ምሕረት በባል በኩል እንደማይገኝ ማወቅ ነበረብኝ። ውኃውን ጠጣሁ። ማሩን ባንኮኒው ላይ ትቼ ወጣሁ። ከድር እስከ ዳገቱ አናት ጃንጥላ ይዞልኝ እየሄደ፣ «ማታ ማታ እንባዋን እሰማለሁ፤ ሲነጋ ግን አንድ ቃል አትነግረኝም» አለኝ።

ዓርብ

ዝናቡ መብራቱን ይዞት ሄደ። ሰሎሞን ዕቁቧን ቻርጅ ለማድረግ ተሰልፎ፣ ወንበሩን አስተኝቶ ተኝቶ አገኘሁት። «ድሮ በነዳጅ ሰልፍ፣ አሁን በመብራት ሰልፍ» አለኝ። «መኪናው ተቀየረ፣ ጭሱ ተቀየረ፤ ሰልፍ ግን የሀገር ቅርስ ስለሆነ አይነካም፣ ማዘር።» ጋምቤላ በሳምንት ስንት ቀን ጨለማ እንደምናድር ስነግረው «እናንተማ ከእኛ ቀድማችሁ ዘምናችኋል» አለ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ «ነገ በዕርቁ ታደለን እንዳይለቁት፤ እኔ ያን ድንጋይ ኮፈን ውስጥ ብይዝለት ኖሮ እያልኩ እንቅልፍ የለኝም» አለኝ።

ሽማግሎቹ ቅዳሜ ጠዋት አሉ።

ቅዳሜ

ሱቁ ደጃፍ ላይ ሸራ ተወጥሮ ወንበር ተደርድሯል። ሽማግሎቹ ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም የመጡ ናቸው። ዘይነባን ያየኋት ያኔ ነው። ጠይም፣ ከእኔ የምታንስ ሴት ናት። ከወገቧ በታች ጋቢ ተሸፍናለች፤ ጋቢው በአንድ ወገን ሜዳ ሆኖ ይወርዳል።

ታደለ እንደ ደንቡ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ቁልቁለቱን ወረደ። ከየት እንዳመጣው አልነገረኝም ነበር። ቀርቦ ሲንበረከክ የጠቆረውን ጎኑን አየሁት። የላዳዋ ድንጋይ ነው።

«ዘይነባ ልጄ» አሉ ዋናው ሽማግሌ፣ «ይኸው ደጅሽ ወድቋል። እኅቱም ከሩቅ አገር መጥታለች። ስለ አላህ ብለሽ፣ ስለ ፈጠረሽ ብለሽ፣ ድንጋዩን ከአንገቱ አንሺለት።»

እኔም መሬት ስሜ ለመንኳት። ታደለ መሬት መሬት እያየ «አፉ በይኝ» አለ።

ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። ዘይነባ ድንጋዩን ትመለከታለች።

«ያ የጠቆረው ምንድነው?» አለች።

ሽማግሌው አልገባቸውም። ታደለ ነው የመለሰላት። «የጎማ ነው።»

«የምን ጎማ?»

«የላዳዬ። ዳገት ላይ ማስደገፊያዬ ነበር።»

በጣም በዝግታ ጠየቀችው።

«ያን ዕለት የት ነበር?»

 ታደለ ድንጋዩን በሁለት እጁ ደግፎ ያዘ። «ላዳዋ ውስጥ» አለ። «ሠራተኛ ሰፈር።»

ከድር ይህን መቋቋም አቅቶት ብድግ አለና በእርሷ ፈንታ ሊያነሣው እጁን ዘረጋ።

«ተው ከድር» አለች። «የዕርቅ ድንጋይ የሚያነሣው ተበዳዩ ነው። ቆሞ ነው የሚያነሣው። እኔ ገና አልቆምኩም።»

«ሰው ሠራሽ እግር ተለክቶልሻል አሉ» አሉ ሽማግሌው። «ያኔ ስትቆሚ ታነሺለታለሽ?»

«ያኔ ስቆም ወገቤን ጎንበስ ማድረግ እችል እንደሆነ አያለሁ።» ፊቷን ወደ ታደለ መለሰች። «አንተ አውርደው። አንገትህን ልሰብረው አልፈልግም። ከደጄ ላይ ግን አይንቀሳቀስ።»

ታደለ ድንጋዩን ደፉ አጠገብ አስቀመጠው። የዕርቁ ዳቦ ሳይቆረስ ሰው ተበተነ። ከሽማግሎቹ አንዱ «ይህም ዕርቅ ነው እንዴ» እያሉ ሲሄዱ ሰማኋቸው። እኔም ተቀይሜ ነበር፤ አልዋሻችሁም። ማታ ለጸሎት ስቆም ግን፣ በሁለት እግሬ መቆሜን ሳስብ ቅሬታዬን ዋጥኩት።

እሑድ

ቅዳሴ አስቀድሼ ልሰናበታት ወረድኩ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ዳገቱ ላይ አቁሞ፣ እንደ ሀገር ልማድ ዘሎ ወርዶ ማስደገፊያ ሲፈልግ የደፉን ድንጋይ አነሣ።

«ወንድሜ» አለች ዘይነባ ከውስጥ፣ «እሱን መልስ። የተያዘ ነው።»

ሰውየው ግራ ተጋብቶ መለሰው። ሌላ ድንጋይ ፍለጋ ሄደ።

በክራንች ተደግፋ በሩ ድረስ መጣች። ከኋላዋ ማሬ ባንኮኒው ላይ እንደተዘጋ ተቀምጧል። እንድቀመጥ አላለችኝም፣ ይሂዱም አላለችኝም። ዝናብ ጀመረ፤ አንዲት ዕቁብ አስፋልቱን ያጥለቀለቀውን ውኃ እየቀደደች አለፈች።

«ሲዘንብ ይሻለኛል» አለች። «ጎማው ውኃ ሲረግጥ ይሰማል። ፀሐይ ስትወጣ ነው የምፈራው።»

«እግዚአብሔር ያበርታሽ» አልኳት።

«ወንድምዎ በየጠዋቱ እታች ጋ ቆሞ ያየኛል። የማላየው ይመስለዋል።»

«አይምጣ ልበለው?»

ክራንቿን አስተካከለች። «እሱን እርስዎ አይግቡበት።»

ሰኞ አውቶቡስ ስለነበረኝ ልሳለማት ቀረብኩ፤ ጉንጯን ሰጠችኝ። ዞር ስል ጠራችኝ።

«እዚያ አገርዎ የጸለዩልን ሴቶች አሉ ብሎኛል ከድር።»

«አሉ።»

«ምን ሊሏቸው ነው?»

«እኔም እሱን ልጠይቅሽ ፈልጌ ፈራሁ። ታረቁ ልበል፣ አልታረቁም ልበል?»

ወደ ደፉ ተመለከተች። ዝናቡ ድንጋዩን እያጠበው ነበር፤ የጎማው ጥቁረት ግን አልለቀቀም።

«ድንጋዩ ደጃፍ ላይ ነው ይበሏቸው» አለችኝ።

ይኸው ብያችኋለሁ።